«የሩቅ ዘመዳሞች»፤ ስለ ናስና ስለ ዳሚያን ማርሌ የጋራ ሸክላ የቀረበ ጥናት

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ በመኝታ ክፍላችን ስድስት ልጆች ተሰብስበን ሸክላ ስንሰማ ክርክር ተነሣ። ሸክላው የአሜሪካዊው የራፕ አቀንቃኝ የናስና የጃማይካዊው የዳሚያን ማርሌ የጋራ ሥራ «ዲስታንት ሬለቲቭስ» ነበር፤ በአማርኛ «የሩቅ ዘመዳሞች» ልንለው እንችላለን። እኔ ይህን ሥራ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የምወደው ስለ ሆነ ጕድለቱንም እንደ ወዳጅ አውቀዋለሁ። ያንኑ ጕድለት መናገር ስጀምር ግን አንዱ ጓደኛዬ ተቈጥቶ «ሰዎቹ ከውቅያኖስ ማዶ ሆነው ዘመዶቻችን ናችሁ ብለው ሲጠሩን አንተ ቁጭ ብለህ እንከን ትለቅማለህን? ይህ ውለታ ቢስነት ነው» አለኝ። የዚያን ዕለት ማታ በቂ መልስ አልሰጠሁትም። ይህ ጽሑፍ ለእርሱ የምሰጠው መልስ ነው፤ ሌሎቻችሁም ብትሰሙት ደስ ይለኛል።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ላስታውቅ። ሸክላ የምለው በአባቶቻችን አጠራር ነው እንጂ እኛስ የሰማነው ከአንድ ልጅ ስልክ ነው፤ ስልኩንም ድምፁ እንዲጐላ በባዶ የብረት ኩባያ ውስጥ አቁመነው ነበር። ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ናስ፥ በሙሉ ስሙ ናሲር ጆንስ፥ በ1973 በኒውዮርክ ተወልዶ ኩዊንስብሪጅ በሚባለው የድኾች መኖሪያ ሕንፃዎች ሰፈር ያደገ ነው። አባቱ ኦሉ ዳራ የጃዝ ሙዚቀኛ ሲሆኑ፥ ልጃቸው በ1994 ባወጣው የመጀመሪያ ሸክላ በ«ኢልማቲክ» ላይ ራሳቸው ጥሩምባ ነፍተዋል። ዳሚያን በ1978 በኪንግስተን የተወለደ የቦብ ማርሌ የመጨረሻ ወንድ ልጅ ነው፤ አባቱ በ1981 ሲሞት ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ሁለቱ መጀመሪያ የተገናኙት በ2005 በወጣው የዳሚያን ሸክላ «ወልካም ቱ ጃምሮክ» ውስጥ በሚገኝ አንድ ዘፈን ላይ ነው። አሁን የምንነጋገርበት ሙሉ ሸክላ በግንቦት 2010 ወጣ፤ 13 ዘፈኖች አሉት፤ ሙዚቃውን ያዘጋጁት ዳሚያንና ወንድሙ ስቲቨን ናቸው። በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ በአምስተኛነት ጀመረ። ከገቢውም ከፊሉ በአፍሪካ ለትምህርት ቤቶች ሥራ እንዲውል ማሰባቸውን አስታውቀው ነበር።

ስለ ዝምድናው የሚናገሩት ለማስታወቂያ የተፈጠረ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ራፕና ሬጌ በእርግጥ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በጃማይካ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ በመኪና እየጫኑ ከሰፈር ሰፈር የሚያዞሩ ሰዎች በሸክላው ሙዚቃ ላይ በማይክሮፎን ግጥም መደርደር የጀመሩት ራፕ ከመወለዱ በፊት ነው። በ1967 ከኪንግስተን ወደ ኒውዮርክ ብሮንክስ የሄደ ክላይቭ ካምቤል የሚባል ልጅ ይህንኑ ልማድ ይዞ ሄደ። ነሐሴ 1973 እኅቱ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ገንዘብ ፈልጋ በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ግብዣ ስታዘጋጅ፥ እርሱ የሸክላ ማጫወቻዎቹን አቁሞ ሙዚቃውን መራ። ከበሮው ብቻውን የሚመታበትን አጭር ክፍል በሁለት ማጫወቻ እየደጋገመ ማስረዘም የእርሱ ብልሃት ነበር። ዓለም ዛሬ ኩል ኸርክ በሚለው ስም ያውቀዋል፤ ያንንም ማታ ብዙዎች የሂፕ ሆፕ የልደት ቀን ያደርጉታል። እንግዲህ የተማሪ ልብስ መግዣ የወለደው ጥበብ ነውና እኛ ተማሪዎች ልንንቀው አይገባንም።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። የጋራ ሥራ በምን ይመዘናል? ብዙ ሰው የሁለቱን ሰዎች ዝና ደምሮ ይፈርዳል። እኔ ግን መጠየቅ ያለበት «አንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሊሠራው የማይችለው ምን ተገኘ?» የሚለው ነው እላለሁ። ሁለት ሰዎች በአንድ ሸክላ ላይ ተራ በተራ መናገራቸው ገና ጋራ መሥራት አይደለም፤ በአንድ አውቶቡስ የተሳፈሩ ሰዎችም አብረው ይሄዳሉ።

የመጀመሪያው ዘፈን «አዝ ዊ ኤንተር» ይህን ጥያቄ በሙሉ አፉ ይመልሳል። በዚህ ዘፈን ውስጥ አንዱ ረዥም ግጥም ተናግሮ ለሌላው አይለቅም። አንዱ ግማሽ ስንኝ ይወረውራል፥ ሌላው ከአየር ላይ ይቀልባታል፤ ቤት የሚመታውም በተቀባዩ አፍ ነው። በአዝማሪ ቤት ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲያቀብል አዝማሪው ሳያስተጓጕል ተቀብሎ በማሲንቆው እንደሚያወርዳት ማለት ነው። ልዩነቱ እዚህ ሁለቱም ሰጪዎች ሁለቱም ተቀባዮች መሆናቸው ነው። የኒውዮርኩ አነጋገር ደረቅና ጠፍጣፋ ነው፤ የኪንግስተኑ ይንከባለላል። ሦስት ደቂቃ ያህል በዚህ ፍጥነት ሲሄዱ ሰሚው የማን ተራ እንደ ሆነ መቍጠሩን ይተዋል። አንዳቸውም ብቻቸውን ይህን ሊሠሩ አይችሉም ነበር።

ከሥር የሚሰማው ሙዚቃስ? ያ የእኛው ነው። የአቶ ሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። አቶ ሙላቱ በ1943 በጅማ ተወልደው በእንግሊዝ አገርና በቦስተን በርክሊ ሙዚቃ ያጠኑ፥ የኢትዮጵያን ቅኝት ከጃዝ ጋር አዋሕደው ኢትዮ ጃዝ የሚባለውን ያቋቋሙ ሰው ናቸው። ዜማው በአዲስ አበባ በአምሐ ሬከርድስ ዘመን የተቀዳ ነው። በ1998 በፈረንሳይ አገር በወጣው የ«ኢትዮፒክስ» አራተኛ ሸክላ ዳግመኛ ታተመ፤ በ2005 ደግሞ ጂም ጃርሙሽ በ«ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ውስጥ አስገባውና የውጭ አገር ሰው ሁሉ አወቀው። ራፐሮች ሳምፕል በሚሉት ዘዴ፥ ማለት ከቀድሞ ሸክላ ላይ ቁራጭ ድምፅ ወስዶ ደጋግሞ በማዞር፥ እነዳሚያን የዘፈናቸው መሠረት አደረጉት።

በክፍላችን ውስጥ ያ ዜማ ሲጀምር ሁሉም ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ ብያለሁ። ዳሩ ግን ፈገግታችን ጆሯችንን እንዳይደፍነው እፈራለሁ። በዚሁ ዘፈን ውስጥ ሁለቱ ሰዎች አፍሪካዊ ለመሆን ሲፈልጉ ሰላምታ የሚለዋወጡት በስዋሂሊ ነው! ስዋሂሊ የከበረ ቋንቋ ነው፥ በስዋሂሊ ላይ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን የአዲስ አበባን ዜማ አንጥፎ በዚያ ላይ ቁጭ ብሎ የዳሬሰላምን ሰላምታ መስጠት፥ ሰውየው የሁለቱን ከተማ ርቀት እንዳልለካ ያስታውቃል። ከጎንደር የመጣ እንግዳ ቤትህ ገብቶ በወላይትኛ «እንደምን አደርክ» ቢልህ ፍቅሩን ትቀበላለህ፤ አለማወቁንም ታውቃለህ።

እዚህ ላይ የዳሚያንን አባት ማስታወስ ይጠቅማል። ቦብ ማርሌ በ1976 «ዋር» የሚለውን ዘፈን ሲሠራ የወሰደው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያደረጉትን ንግግር ነው። ያኔ የተወሰደው ቃሉ ነበር፤ ስለ ዘር አድልዎና ስለ ቅኝ ግዛት የተነገረው ሐሳብ እንዳለ ተወሰደ። ልጁ ዜማውን ወሰደ፤ ዜማው ግን ለመናገር ዕድል አላገኘም፤ ምንጣፍ ሆነ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ አንድ ናቸው ግን አልልም።

ይህ ነገር ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ «ፍሬንድስ» በሚለው ዘፈን ነው። ግጥሙ ስለ እውነተኛና ስለ ሐሰተኛ ጓደኛ ነው፤ በራፕ ዘንድ ያልተለመደ ርእስ አይደለም፤ ደኅና ነው። ከሥሩ የሚዞረው ድምፅ ግን የአንጎላዊው ዘፋኝ የዳቪድ ዜ ነው። ዳቪድ ዜ በአንጎላ የነጻነት ትግል ዘመን ስሙ የገነነ ዘፋኝ ነበር፤ አገሩ ነጻ በወጣች በሁለተኛው ዓመት፥ በ1977፥ በገዢው ፓርቲ ውስጥ በተነሣው መከፋፈል ምክንያት በደረሰው እልቂት ከተገደሉት አንዱ ሆነ። የዘፈነላቸው ሰዎች መንግሥት ገደለው ማለት ነው። ስለ ከዳተኛ ጓደኛ ለመናገር ከዚህ የበለጠ ምን ታሪክ አለ? ታሪኩ እዚያው ከእግራቸው ሥር ተቀብሯል፤ እነርሱ ግን በላዩ ቆመው ስለ ጓደኛ ባጠቃላይ ይናገራሉ። እኔም ብሆን የድምፁን ባለቤት ፈልጌ እስካገኝ ድረስ ስንት ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬ አላወቅሁም፤ ካወቅሁ በኋላ ግን ዘፈኑን እንደ ቀድሞው መስማት አልቻልሁም።

«ባጠቃላይ» የሚለው ቃል የክርክሬ ፍሬ ነው። ናስ ስመ ጥር የሆነው ባጠቃላይ በመናገር አይደለም። «ኢልማቲክ» ከአርባ ደቂቃ የማይበልጥ አጭር ሸክላ ነው፤ የሚያየውም አንድ ሰፈር ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ እስር ቤት ላለ ጓደኛው ደብዳቤ የሚጽፍበት ዘፈን አለ፤ ውጭ ማን ምን እንደ ሆነ፥ ማን ማንን እንደ ከዳ፥ የእስረኛው ልጅ እንዴት እንደ ሆነ ሳይቀር ያወራለታል። ሰሚው ኩዊንስብሪጅን አይቶ አያውቅም፤ ግን ደረጃውን የወጣ ያህል ይሰማዋል። ዳሚያንም በ«ጃምሮክ» የሠራው ይህንኑ ነው፤ ቱሪስቱ ከባሕሩ ዳር ሆኖ የማያየውን የኪንግስተን ሰፈር በስሙ ጠርቶ አሳየ። ሁለቱም ታላቅ የሆኑት የሚያውቁትን መንገድ ሲናገሩ ነው።

በ«የሩቅ ዘመዳሞች» ውስጥ የዚያ ደብዳቤ አድራሻ ተለወጠ። ለአንድ እስረኛ ይጻፍ የነበረው አሁን ለአህጉር ተጻፈ። ሃምሳ አራት አገር ያለው አድራሻ ሲጻፍ ፖስተኛው የት ያድርሰው? ስለ ጐሣ ጦርነት በሚናገረው ዘፈን ጦርነቱ የየትኛው ወንዝ፥ የየትኛው ግጦሽ እንደ ሆነ አይነገርም። ስለ መሪዎች በሚናገረው ዘፈን መሪነት ይወደሳል፤ የመሪው መዝገብ ግን አይገለጥም። (ይህን ስጽፍ እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ እኛስ ብንሆን በዚሁ መጽሔት ገጾች «ሕዝባችን፥ ሕዝባችን» ስንል አንድ ገበሬ በስሙ ጠርተን እናውቃለንን?)

«ላንድ ኦፍ ፕሮሚስ» ላይ ጥቂት ልቆይ፤ በክፍላችን ጠቡ የተነሣው በእርሱ ነበርና። መዝሙሩ በ1999 ከሞተው ከጃማይካዊው ዘፋኝ ከዴኒስ ብራውን የቀድሞ ዘፈን የተወሰደ ነው፤ የሞተ ሰው ድምፅ በሕያዋን መካከል ሲገባ የሚሰጠው ግርማ አለ፥ ያንን ማንም አይክድም። ከዚያ በኋላ ዳሚያን ተስፋይቱን አፍሪካ ሲሥል የአፍሪካን አገሮች አንድ በአንድ እየጠራ ከአሜሪካ ከተሞችና ክፍላተ ሀገር ጋር ያመሳስላቸዋል። የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ አፍሪካ ስትበለጽግ የምትመስለው አሜሪካን ነውን? ከባርነት ቤት ወጥቶ ወደ አባቶቹ አገር ለመመለስ የሚዘምር ሰው፥ የአባቶቹን አገር ውበት የሚለካው በባርነቱ አገር መብራት ከሆነ፥ የት ተመለሰ?

ጓደኛዬ ለዚህ የሰጠው መልስ ቀላል አይደለም። «የኪንግስተን ድኻ ማያሚን በቴሌቪዥን ያውቃታል፤ ዮሐንስበርግን አያውቃትም። ለሰው በሚያውቀው ካልተነገረው በምን ይነገረዋል? ደግሞም በዓለም ካርታ ላይ ሁልጊዜ ታች የሚጻፈውን ስም ላይ ማውጣቱ ራሱ ሥራ ነው» አለ። ግማሹን ተቀብያለሁ። ሰሚው ማን እንደ ሆነ ካሰብን ምሳሌው ሥራውን ሠርቷል። ግን እንዲህ ከሆነ ሸክላው የተላከው ለእኛ አይደለም ማለት ነው፤ ስለ እኛ ለሌላ ሰው የተነገረ ነው። ስማችን ተጠራ እንጂ አልተጠራንም።

አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልሁ። በዚያ ቈጠራ ውስጥ ኢትዮጵያም አለች፤ ነገር ግን እንደ ሌሎቹ የአሜሪካ ከተማ አልተሰጣትም። እርሷ የጉባኤው መናገሻ፥ ንጉሡ የወጡባት አገር ናት። ዳሚያን ራስተፈሪያን ስለ ሆነ ይህ ለእርሱ የሃይማኖት ቃል ነው፥ እኔም በእምነቱ አልገባበትም። በክፍላችን ይህ ሲሰማ ጭብጨባ ነበር። ከምሳሌው ስላመለጥን ኰራን። ነገር ግን ወደ ሰማይ መውጣትም አንድ ዓይነት ከምድር መጥፋት ነው። ዳቦ ቤት ተሰልፎ የሚውል ሰው ያለባት አገር መሆኗ በማያሚም ምሳሌ በጽዮንም ምሳሌ አይታይም።

እስካሁን የተናገርሁት የእነርሱን ጕድለት ነው። እንግዲህ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ራሱም ይመርመር። አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላሉ። የሩቁ ዘመድ ጎረቤት ሆኖ ሲመጣስ? ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች ወደ እኛ በእውነት የመጡ አሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጥቁር ሕዝብ በሰጡት መሬት ላይ ሻሸመኔ ሰፍረው ልጅና የልጅ ልጅ አፍርተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን ለዐሥርት ዓመታት ያለ ሕጋዊ ወረቀት ኖሩ፤ መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው በ2017 ነው። በ2005 የቦብ ማርሌ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር ሕዝቡ ከአጥናፍ አጥናፍ ሞልቶ ዘፍኗል። እዚያ ከዘፈነው መካከል የሻሸመኔውን ጎረቤቱን «ወረቀት አለህን?» ብሎ የጠየቀው ስንቱ ነው? ዳሚያን ኢትዮጵያን ከሩቅ አይቶ ቢሳሳት፥ እኛ ጃማይካዊውን ከአጠገባችን አስቀምጠን ተሳስተናል። ይህን ስል ለጓደኛዬ ግማሽ መንገድ መሄዴ ነው።

ስለ «ማይ ጀነሬሽን» ብዙ አልልም። ልጆች በኅብረት ይዘምሩበታል፥ ጆስ ስቶንና ሊል ዌይን ተጨምረውበታል፤ የትምህርት ቤት መዝጊያ በዓል ይመስላል። እርሱ ሲመጣ አልፈዋለሁ።

«ፔሸንስ» ግን አይታለፍም። ከማሊያውያኑ ባልና ሚስት ከአማዱና ከማርያም «ሳባሊ» ከሚለው ዘፈን የተሠራ ነው፤ ሳባሊ በባምባራ ቋንቋ ትዕግሥት ማለት ነው። ሁለቱም ዐይነ ስውራን ሆነው በሙዚቃቸው ዓለምን የዞሩ ሰዎች ናቸው፤ አማዱ በ2025 ዐረፉ። በዚህ ዘፈን ዳሚያን በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊቅ ነን በሚሉት ሰዎች ላይ ያፌዛል፤ ለተራ ጉንፋን እንኳ መድኃኒት አላገኙም ይላል። ናስ ደግሞ መልስ አይሰጥም፤ ጥያቄ ብቻ ይደረድራል፥ ቃልን ማን አወጣ፥ ቍጥርን ማን አወጣ እያለ። በክፍላችን ሦስት የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ፥ አንዱም ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ሣቁን እናንተው ገምቱ። ይህ ዘፈን ከሌሎቹ የሚሻልበት ምክንያት ግልጽ ነው። እዚህ ላይ አፍሪካን አያስተምሯትም፤ የማርያም ድምፅ ሲመጣ ዝም ብለው ይሰማሉ፥ ከእርሷም በኋላ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ቃሉም ከአህጉሩ የመጣ ስለ ሆነ ሙዚቃውን እየመራ ይሄዳል። ዜማው ምንጣፍ ያልሆነበት ቦታ ይህ ነው።

የመጨረሻው ዘፈን «አፍሪካ መንቃት አለባት» የሚል ነው። ርእሱን ስሰማ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። የተኛው ማን ነው? ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ተነሥታ እንጀራ ጋግራ ወደ ገበያ የምትሄደው እናቴ አልተኛችም። ከእንቅልፉ የሚቀሰቀስ ሰው ካለ በስሙ ይጠራ እንጂ የሠራተኛው ቤት አብሮ አይንኳኳ። ይህን ነበር በክፍላችን ስናገር የነበረው፥ ጓደኛዬም ውለታ ቢስ ያለኝ በዚህ ጊዜ ነው።

ነገር ግን ስንጨቃጨቅ ዘፈኑ አልቆመም ነበር። ወደ መጨረሻው ላይ ኬናን ይገባል። ኬናን በሞቃዲሾ ተወልዶ በ1991 ጦርነቱ ሲነሣ በልጅነቱ ከአገሩ የወጣ ነው፤ በዚያው በ2010 ዓመት በእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ ጊዜ በተዘፈነው ዘፈኑ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚህ ግን እንግሊዝኛውን ትቶ በሶማልኛ ያዜማል። በ13 ዘፈኖች ውስጥ ስለ አፍሪካ ስንት ቃል ከተነገረ በኋላ አንድ ሰው ለአንድ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ሲናገር እሰማለሁ።

ከጅጅጋ የመጣ አንድ የክፍላችን ልጅ አለ፤ ማታውን ሁሉ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ለክርክራችን አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። ያ ቦታ ሲደርስ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ዘፈኑ አልቆ ስልኩ ዝም ሲል ሁላችንም አየነው። ምን እንደሚል ጠየቅነው፤ አልተረጐመልንም። ስልኩን ከኩባያው ውስጥ አውጥቶ ወደ ኋላ መለሰውና ያንኑ ክፍል ብቻ እንደ ገና ከፈተው።